«ዘሩ ነው»፣ «ንቆህ ነው»፦ ከሚያጉረመርም ውሻ ጋር ምን ይደረጋል?

ውሻው ሳህኑ ላይ አጎንብሶ እየበላ ነው። ሰው ሲጠጋው አጉረመረመ። ከዚህ በኋላ በየግቢው የሚነሳው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። አንዱ «ጀርመን አይደል? ዘሩ ነው፤ ሲያድግ ደግሞ ይብሳል» ይላል። ሌላው «ንቆህ ነው፤ አንዴ አጋድመህ አለቃው ማን እንደሆነ አሳየው» ይላል። ሁለቱም ውሻውን ሳያዩ ነው የፈረዱት።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ሳህኑ ከሚቀመጥበት ብዙም ሳይርቅ ይቀመጥ። ለአንድ ሳምንት ውሻው ባጉረመረመ ወይም ሰው ላይ በተወረወረ ቁጥር ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ ውሻው ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን አገኘ ወይም ምን ቀረለት። «ክፉ ነው»፣ «ይንቀናል»፣ «ቂመኛ ነው» የሚሉት ወረቀቱ ላይ አይገቡም። «ልጁ አንድ ሜትር ሲቀረው መብላቱን አቆመ፤ አንገቱ ደረቀ፤ በዓይኑ ጥግ አየው፤ አጉረመረመ፤ ልጁ ሸሸ» የሚለው ግን ይገባል። እንዲህ ያለ አምስት ስድስት መስመር ሲጠራቀም ክርክሩ ግማሽ በግማሽ ይረግባል። የሚያጉረመርመው ሁልጊዜ ሳህኑ ጋ ብቻ ከሆነ ወይም ሁልጊዜ ሲታሰር ብቻ ከሆነ መሥራት ያለብን ሳህኑና ማሰሪያው ላይ ነው።

ዘሩ ምን ያህል ይናገራል?

ዝርያ ምንም አያመጣም የሚል ሰው ክርክሩን ከጅምሩ ተሸንፏል። ቦርደር ኮሊ በግ ሲያይ አጎንብሶ ማድባቱን ማንም አላስተማረውም። ላብራዶር የወደቀ ነገር አፉ ውስጥ ይዞ መዞር ይወዳል። ጀርመን ሼፐርድ ኮሽ ባለ ቁጥር ጆሮው ይቆማል። መጠንም ከዝርያ ነው የሚመጣው፤ 45 ኪሎ የሚመዝን ሮትዋይለር ሲነክስና 3 ኪሎ የማይሞላ ቺዋዋ ሲነክስ ጉዳቱ እኩል አይደለም።

ችግሩ ከስሙ ተነስቶ የአንዱን ውሻ ጠባይ መተንበዩ ላይ ነው። በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ18,000 በላይ ውሾች ባለቤቶች የሞሉትን መጠይቅና ከ2,000 በላይ ውሾችን ዘረመል መርምሮ፣ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያብራራው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ አገኘው። ትእዛዝ የመቀበል ዝንባሌ ከዝርያ ጋር ሻል ያለ ዝምድና ነበረው። የሚያስፈራ ወይም የሚያናድድ ነገር ሲገጥም ቶሎ የመቆጣት ነገር ግን ከዝርያ ስም ለመገመት ከሚያስቸግሩት መካከል ነው። ሰው «ዘሩ ነው» የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቁጣ ሲያወራ ነው።

ሌላም አለ፤ ስሙ ራሱ ልክ ላይሆን ይችላል። በ2015 የታተመ የፍሎሪዳ ጥናት በመጠለያ ያሉ 120 ውሾችን ተመልክቶ ነበር። ሠራተኞቹ በዓይናቸው አይተው 62ቱን ፒትቡል ወይም የፒትቡል ክልስ አሏቸው፤ በዘረመል ምርመራ ግን ከ120ዎቹ የፒትቡል ዘር የተገኘባቸው 25 ብቻ ናቸው። እነዚህ በየቀኑ ውሻ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ጆሮው ስለቆመና ጀርባው ስለጠቆረ ብቻ «ጀርመን» ተብሎ የተሸጠ ቡችላ ቁጥር ስፍር የለውም፤ እናቱ የሰፈር ውሻ፣ አባቱ ያልታወቀ። ክልስ መሆኑ አያስነውረውም። ነውሩ ካልተረጋገጠ ስም ተነስቶ «ይህ ሲያድግ ሰው ይበላል» ማለቱ ነው።

ሕጉ ሌላ ጉዳይ ነው። እንግሊዝ በ1991 ባወጣችው ሕግ ፒትቡል ቴሪየርን፣ የጃፓን ቶሳን፣ ዶጎ አርጀንቲኖንና ፊላ ብራዚሌይሮን ከለከለች፤ ከፌብሩዋሪ 2024 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ኤክስኤል ቡሊ የሚባለውን ግዙፍ ውሻ ያለ ልዩ ፈቃድ መያዝ በእንግሊዝና በዌልስ ወንጀል ሆኗል። እዚያ የሚታየው የአካል ቅርጽ ነው፤ ውሻው የዋህ ነው ብሎ መከራከር በር ላይ የመጣን ፖሊስ አይመልስም። በተቃራኒው ኔዘርላንድስ ከ1993 ጀምሮ የነበረውን የፒትቡል እገዳ የተነካሹ ቁጥር ስላልቀነሰ በ2008 አነሳችው። እስራኤልም አደገኛ የምትላቸው ዝርያዎች ዝርዝር አላት፤ ሮትዋይለር፣ አምስታፍ (አሜሪካን ስታፎርድሻየር ቴሪየር) እና ፒትቡል አሉበት። በእነዚህ አገሮች የሚኖር ሰው ቡችላ ከመቀበሉ በፊት የአገሩን ዝርዝር ይመልከት፤ ቤት ተከራይ ከሆነ ደግሞ ውሉንም ያንብብ።

ታዲያ ቡችላ ሲመረጥ ከስሙ ይልቅ ምን ይታይ? እናቱ። ቡችላዎቹ ባሉበት ሰው ስታይ ጭራዋን እየቆላች ከመጣች ጥሩ ምልክት ነው። ጥግ ይዛ የምትንቀጠቀጥ ወይም በሰንሰለት ሆና አረፋ እስክትደፍቅ የምትጮህ እናት ልጆች ፍርሃቷን በደማቸውም በማየትም ሊወርሱ ይችላሉ። ከዚያ ከቡችላው ሁለት ሜትር ያህል ርቀው የቁልፍ ዘለላ መሬት ላይ ይጣሉ። ደንግጦ ጥቂት ቆይቶ ሊያሸተው ከመጣ ደህና ነው። መደንገጡ ችግር የለውም፤ የሚታየው መመለሱ ነው። ዕድሜው 8 ሳምንት ሳይሞላ አይወሰድ። መንገድ ዳር በካርቶን የሚሸጡት ብዙዎቹ ገና ሊጠቡ የሚገባቸው ናቸው፤ ከወንድሞቻቸው ጋር ሲጫወቱ የሚማሩትን አፍን አላልቶ የመንከስ ልክ ሳይማሩ ይወጣሉ።

ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ቡችላ ያየውን ነገር «የዓለም ወግ ነው» ብሎ የሚቀበልበት ጊዜ ነው። በየቀኑ አንድ አዲስ ነገር ያሳዩት፦ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ፣ ባጃጅ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ነጠላ የተከናነበች ሴት። እያየ ሳለ አንድ ጉርሻ። ክትባቱን ካልጨረሰ መሬት ሳያስነኩ ታቅፎ ይሂድ፤ የውሾች ማስመለስና ተቅማጥ፣ ፓርቮ የሚባለው፣ ከአፈር ላይ ነው የሚይዘው። አጥር ውስጥ ተዘግቶ አራት ወር የሞላው ውሻ እንግዳ ሲያይ ቢያብድ ዘሩን አይውቀሱ።

«አለቃ» የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ?

ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ በ1947 በስዊዘርላንድ ባዝል የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ስላሉ ተኩላዎች ጻፈ። ጠባብ ቦታ ውስጥ የታጎሩት ተኩላዎች ለበላይነት ሲጣሉ ተመልክቶ ነበር። ዴቪድ ሜክ የተባለው አሜሪካዊ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ «አልፋ»፣ ማለትም የመንጋው አለቃ፣ የሚለውን ቃል ለሰፊው ሕዝብ አደረሰው። ይኸው ሜክ በካናዳ የኤልስሚር ደሴት ዱር ተኩላዎችን ለዓመታት ከተከታተለ በኋላ በ1999 ባወጣው ጽሑፍ ተኩላ መንጋ ማለት አባት፣ እናትና ልጆች ማለት እንደሆነ፣ ወላጆቹን «አልፋ» ማለትም ሰው አባወራን «አልፋ» እንደማለት እንደሆነ አስረዳ። የራሱን ስህተት በራሱ ብዕር ያረመ ሰው ነው፤ የውሻ አሠልጣኞች ግን የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አላነበቡም።

እኛ ዘንድ ደግሞ የተኩላ የቅርብ ዘመድ የሆነው የባሌ ቀይ ቀበሮ አለ። በቤተሰብ ይኖራል፤ ጠዋትና ማታ ወሰኑን ተሰብስቦ ይዞራል፤ ቀን ላይ ግን እያንዳንዱ ብቻውን አይጥና ፍልፈል ሲያደባ ይውላል። ማዕረግ የለም ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንዷ እንስት ናት። «የበላይነት» የሚለው ቃልም በሳይንሱ ቦታ አለው፤ ሁለት እንስሳት ለአንድ አጥንት ሲፎካከሩ ማን ለማን እንደሚለቅ ይገልጻል። ምንጣፍ ላይ የሸና ወይም ገመድ የሚጎትት ውሻ «ሥልጣን ሊቀማኝ ነው» የሚለው ግን ከዚህ አይወጣም።

ማጋደሙ በተግባር ምን ያመጣል? በ2009 የታተመ የፔንሲልቬንያ ጥናት ለጠባይ ችግር ወደ ሐኪም የመጡ የ140 ውሾችን ባለቤቶች ጠየቀ። ውሻቸውን መትተው ወይም ረግጠው ከሚያውቁት 43 በመቶው፣ በጀርባው አስተኝተው ከያዙት 31 በመቶው፣ ዓይን ለዓይን ካፈጠጡበት 30 በመቶው ውሻው በቁጣ እንደመለሰላቸው ተናገሩ። እርግጥ ነው፣ እነዚህ ከመጀመሪያውም ችግር ያለባቸው ውሾች ናቸው። ግን አጋድመው የሚባለውስ ችግር ያለበት ውሻ አይደል?

«እኔ አጋድሜው ተረጋጋ» የሚል ሰው አይዋሽም፤ ያየውን ነው የሚናገረው። በሚቀጥለው ጊዜ ፊቱን ቀረብ ብሎ ይመልከተው። የዓይኑ ነጭ በጥግ ይታያል፤ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፤ ጆሮው ወደ ኋላ ተጣብቋል፤ አፉ ገጥሟል፤ ጭራው በእግሮቹ መካከል ገብቷል፤ ትንፋሹ ለአፍታ ቆሟል። የተረጋጋ ውሻ ሰውነቱ ይለሰልሳል፣ አፉ ይከፈታል። ያኛው ደርቆ የቀረው ከፍርሃት ነው። ደጋግሞ ባጉረመረመ ቁጥር የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተወዋል፤ ፍርሃቱን ግን አይተወውም። ከዚያ «ምንም ሳያሳይ በድንገት ነከሰ» የሚባለው ይመጣል። አሳይቶ ነበር፤ ተመትቶ አቆመ እንጂ።

በሌላ በኩል የዱላ ደጋፊዎች ልክ የሆኑበት አንድ ነገር አለ። ደንብ የሌለው ቤት ውሻን ያበላሻል። ዛሬ ሶፋ ላይ የወጣውን እየሳቁ ነገ የሚገርፉት ከሆነ ውሻው የሚማረው እናንተን መጠራጠር ነው። ደንቡ ይኑር፣ ሁሉም የቤቱ ሰው አንድ ቃል ይጠቀም። ማስከበሪያው ግን አባቶች ያወቁት ነው፦ ውሻ በበላበት ይጮሃል።

ሳህኑ ጋ የሚሠራ ሥራ

ቀድሞ መታየት ያለባቸው፦ ድንገት የጀመረው ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ጥርሱንና ጆሮውን ይመልከት፤ የታመመ ውሻ ሰው አያስጠጋም። በቀን አንዴ ማታ ብቻ የሚበላ ከሆነ ያንኑ ምግብ ለሁለት ከፍለው ጠዋትና ማታ ይስጡት። ሁለት ውሾች ካሉ በተለያየ ጥግ ይብሉ። ሳህኑ ሰው የማይተላለፍበት ቦታ ይሁን። ልጆች በዚህ ሥራ ውስጥ በጭራሽ አይገቡም። ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ ያደማ ውሻ ከሆነ በመካከል አጥር ወይም ፍርግርግ ይኑር።

ጉርሻው ከሳህኑ ምግብ የበለጠ መጣፈጥ አለበት። ሳህኑ ውስጥ የእንጀራ ፍርፋሪ ወይም ሩዝ ካለ፣ እጅ ውስጥ የተቀቀለ ሳንባ ወይም ሥጋ ይሁን፤ ሩብ ኪሎ ለሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። ሳንባና ጉበት ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፍላ። ጥሬው ውስጥ ውኃ የቋጠረ እጢ ሊኖር ይችላል፤ ውሻው ከዚያ የሚያገኘው ትል እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሰውን ያሳምማል። ከቀዘቀዘ በኋላ በሽምብራ መጠን ይቆረጥ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ወጥ ለውሻ መርዝ ስለሆነ አይነካካው።

አሁን ውሻው እየበላ ከ5 ሜትር ጀምረው በዝግታ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ይጠጉት። መብላቱን ያቆመበት፣ አንገቱ የደረቀበት ወይም ድንገት እየተጣደፈ መዋጥ የጀመረበት ቦታ ወሰኑ ነው። 2 ሜትር ላይ ከሆነ ሥራው 3 ሜትር ላይ ይጀምራል። እዚያ ድረስ ይራመዱ፣ አንድ ጉርሻ ወደ ሳህኑ ይወርውሩ፣ ዞረው ይሂዱ። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው፦ መጀመሪያ እርምጃው፣ ቀጥሎ ጉርሻው። ሥጋውን አስቀድመው ካሳዩት የሚማረው «ሥጋ ሲታይ ሰው ይመጣል» የሚል ነው፤ እኛ የምንፈልገው «ሰው ሲመጣ ሥጋ ይመጣል» የሚለውን ነው። በአንድ ማዕድ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይበቃል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሲጠጉት ከሳህኑ ቀና ብሎ እጅዎን ያያል፤ ጭራው ላላ ብሎ ይወዛወዛል። ይህን በተከታታይ ሦስት ማዕድ ካሳየ ግማሽ ሜትር ይቅረቡ። እንዲህ እያሉ ሳህኑ ጋ ሲደርሱ ጉርሻውን ውስጡ ይጣሉ። ቀጥሎ ጎንበስ ብለው፤ ቀጥሎ ሳህኑን በጣት ነክተው፤ በመጨረሻ ሳህኑን አንስተው ሥጋ ጨምረው መልሰው። አብዛኛው ውሻ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል። ሌላው የቤተሰብ አባል ሲገባበት ከሩቁ እንደገና ይጀምራል፤ ውሻ «አባትየው ሲጠጋ ደህና ነው» ማለትን «ማንም ሲጠጋ ደህና ነው» ብሎ አይተረጉመውም።

ሥራውን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ መቸኮል ነው፤ ሦስት ቀን ደህና ስለነበረ ሳህኑን ማንሳት። ሌላው «ይልመድ» ብሎ እጅን ምግቡ ውስጥ እያዞሩ መነካካት፤ እየበላ ሳለ በየጊዜው የሚነጠቅ ሰው ጠረጴዛውን በክንዱ አይከልልም? ቢያጉረመርም ደግሞ አይምቱት፣ አይጩኹበት፤ በዝግታ ወደ ኋላ ይበሉ፤ በሚቀጥለው ማዕድ አንድ ሜትር ርቀው ይጀምሩ። «እንዲህ ከሆነ ማጉረምረሙን ሸለምነው» የሚል ይኖራል። ማጉረምረሙ የፍርሃት ምልክት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ሥጋ ስለተሰጠው አያድግም።

አጥሩና በሩ ጋ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። በውሻው ዓይን ግን ነገሩ ግልባጭ ነው፤ ጅቡ የሄደው እሱ ስለጮኸ ነው። መንገደኛው በአጥሩ ያልፋል፣ ውሻው ይጮሃል፣ መንገደኛው ሄደ። በቀን ሃያ ጊዜ ያሸንፋል። እንግዳ ገብቶ የማይሄድለት ቀን ታዲያ ምን ያድርግ? ሰንሰለት ይህን ያብሰዋል፤ መሸሽ የማይችል እንስሳ ያለው አማራጭ ማጥቃት ብቻ ነው። በርበሬ ማብላትና ጥሬ ሥጋ መስጠት «ያከፋዋል» የሚባለው ደግሞ ሆዱን ከማቃጠልና ትል ከማስያዝ የዘለለ ጥቅም የለውም።

የበሩን ክፍተት በሸራ ወይም በቆርቆሮ ይሸፍኑ፤ ያላየውን አይጮህበትም ባይባልም በእጅጉ ይቀንሳል። ከበሩ 5 ሜትር ርቆ አንድ ጆንያ ይነጠፍ። በ5 ሜትር ገመድና በሰፊ የአንገት ማሰሪያ ይዘው (የሚያንቅ ሰንሰለት አይሁን)፣ በቀን ሁለቴ አሥር አሥር ደቂቃ፣ «ቦታህ» እያሉ ወደ ጆንያው ይውሰዱት፤ አራቱም እግሩ ሲያርፍ ጉርሻ። በሁለተኛው ሳምንት የቤት ሰው ከውጭ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ በሩን ያንኳኳ። ጮኸ? ሁለት ሦስት ጊዜ ይጩህ፣ ሥራው ነው። ከዚያ «ቦታህ»፣ ጆንያው ላይ ሲደርስ ተከታታይ አምስት ጉርሻ። ገና ሲንኳኳ ራሱ ወደ ጆንያው መሮጥ ሲጀምር የሚያንኳኳው ሰው ይቀየር፣ ከዚያ በሩ ይከፈት። ጠባቂነቱ ይጠፋል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ሌባን የሚያስደነግጠው ጩኸቱ ነው፣ ጩኸቱን አልወሰድንበትም።

ነክሶ ከሆነ

ዘሩም አለቃነቱም ይቆይ። ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ሰዓት ይዘው፣ ምክንያቱም 15 ደቂቃ ሲጠብቁት ረጅም ነው። ጭረት ብቻ ቢሆንም በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ውሻውን በንዴት አይግደሉት። ሰው በማይደርስበት ክፍል ወይም አጥር ውስጥ ለ10 ቀን ይቆይ፤ በአሥረኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ በምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም፣ ሐኪሙም የተነካሹን ክትባት በዚያ መሠረት ሊወስን ይችላል። እስከዚያ ድረስ ግን ክትባቱ አይቆምም። በእነዚያ ቀናት ምራቁ ከተዝረበረበ፣ ድምፁ ከተቀየረ፣ ውኃ መዋጥ ካቃተው ወይም ከሞተ፣ ሳይነኩት ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ።